ቀለም ያልነካው ገጽ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፣ የዕድር ዳኛ ይሆናል፣ ካልሆነም ሚስቱን ይነተርካል። የኔው ሰው ማተሚያ መኪና ገዛ። እዚህ አዳማ አንድ የቆየ ማተሚያ ቤት ዘመን አልፎበት ሲዘጋ፣ ዕቃው ለቁራሌው እንደ ብረት ሊሸጥ ደጅ ላይ ተከምሮ አየ። የእጅ ማተሚያውን ከነእርሳስ ፊደሉ በጋሪ አስጭኖ አመጣና ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት ሞላው። የኔ ድስትና በርሜል በረንዳ ላይ አደሩ።

"ልዑልሰገድ፣ ይኼ ነገር ይበላል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ይነበባል" አለኝ።

ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ለቃሚ ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ ከሳጥኑ እያነሳ፣ እየደረደረ፣ ቃል የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ኮምፒውተር መጥቶ ሙያውን ሲነጥቀው አፉን አልከፈተም፤ ሆዱ ግን ቂም ይዟል። አባቱ ደግሞ ቡልጋ ላይ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ፍቀው ካለሰለሱ በኋላ ቀለም ከመንካታቸው በፊት በወስፌ ተጭነው መስመር ያሰምሩበት ነበር። ያ መስመር ለዓይን አይታይም፤ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ልዑልሰገድ ይህን ልጅ ሆኖ በጣቱ እየዳበሰ እንዳደገ ሲያወራ ሰምቼ አልጠግብም እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጠግቤያለሁ።

ድሮ ባለጸጋ ሰው ቁም ጸሐፊ እቤቱ አስቀምጦ፣ እያበላና እያጠጣ፣ ለራሱና ለልጁ አንድ መጽሐፍ ያስጽፍ ነበር ይላል። "እኔ ዘንድ ግን ባለጸጋውም ቁም ጸሐፊውም እኔው ነኝ" ይላል።

"የሚያበላውስ ማነው?" እለዋለሁ።

እንዲህ እየተባባልን እሱ ትንንሽ መጻሕፍት ያትማል። ለሽያጭ አይደሉም። የሰፈራችንን መሪጌታ ቅኔ አትሟል፤ የአንድ ወዳጁን የዘር ሐረግ አትሟል። ፊደሉ ጥቂት ስለሆነ ከአንድ ገጽ በላይ አይበቃም። አንዱን ገጽ ለቅሞ ካተመ በኋላ ፈትቶ ፊደሉን ወደየሳጥኑ ይመልስና ሌላውን ገጽ እንደገና ይለቅማል። ወረቀቱን አጥፎ፣ በክር ሰፍቶ፣ ጠርዞ ሲያወጣው፣ መቼም እውነት አይካድም፣ ያምራል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁልጊዜ የአባቱን ልማድ ተከትሎ ለደራሲው ነፍስ ምሕረት የሚለምን ጸሎት ያስገባል፤ በክርስትና ስሙ። ያ ጸሎት የሌለው መጽሐፍ ለሱ ክዳን የሌለው ድስት ነው።

አንድ ልጅ ነበረችን፤ ልዩ። ደገፋን ስታገባ ወደሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እሷ "ጌታን አገኘሁ" አለች፤ ሰፈሩ "ጴንጤ ሆነች" አለ፤ አባቷ ምንም አላለም። በሠርጓ ቀን እስከ ጸሎት ቤቱ ግቢ አብሮኝ መጣና ደጃፉ ላይ ሲደርስ እግሩ እምቢ አለው። እኔ ገባሁ። እሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ውጭ ቆመ። ልዩ ቀና ባለች ቁጥር በበሩ በኩል ጀርባው ይታያታል። ያን ቀን አልረሳሁለትም። ቦንቱ ስትወለድ ግን ሮጦ ሄዶ ታረቀ፤ የልጅ ልጅ ያላስታረቀውን ማን ያስታርቀዋል?

ልዩ አምና ከሞጆ ስትመለስ በመኪና አደጋ ሞተችብን። እንዴት እንደሆነ መተረክ አልችልም።

ደገፋ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው አዳሚ ቱሉ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ ውሎ እዚያ ያድራል፤ ቅዳሜና እሁድ አዳማ ይመጣል። ስለዚህ ቦንቱ ሳምንቱን እኛ ዘንድ፣ ቅዳሜና እሁድን እሱ ዘንድ ሆነች። እናቱ ወይዘሮ ኤቢሴ ሻሸመኔ ናቸው፤ ልጅቱን እኔ ላሳድግ ብለው ጠይቀው ነበር። ለኛ አዝኖ እኛ ዘንድ ያስቀራት ደገፋ ነው። አምስት ዓመቷ ነው። ስትስቅ ልዩን ናት፤ ስትቆጣ ልዑልሰገድን። ይህችን ልጅ ካጣሁ አልተርፍም እል ነበር፤ ለጎረቤትም፣ ለእግዚአብሔርም፣ ለልዑልሰገድም።

ልዩ መዝሙር ትደርስ ነበር። ግጥሞቿ በስልኳ ውስጥ ቀርተው ኖሮ ደገፋ አግኝቶ አንድ እሁድ አነበበልን። ልዑልሰገድ መሬት መሬቱን እያየ ሰማና ሲያበቃ "ስጠኝ፤ እኔ አትመዋለሁ" አለው። የጴንጤ መዝሙር ሊያትም ነው! እኔ እንኳን ደነገጥሁ። ደገፋ ዓይኑ እንባ ሞላ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ከጻፈችው ላይ ምንም እንዳይጨመር፣ ምንም እንዳይቀነስ።

ሥራው ለወራት ሄደ። ቦንቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ አጠገብ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። መዝሙሮቹ ሊያልቁ ሲሉ ልዑልሰገድ የፈራሁትን አመጣው። ለደገፋ የመጨረሻውን ጸሎት ነገረው። በክርስትና ስሟ፣ በአመተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ነፍሷን እንዲምር።

ደገፋ ድምፁን ሳያነሳ ነው የመለሰለት። እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም አለ፤ እሷም አታምንበትም ነበር፤ በማርያም ስም መጠራትም ካቆመች ቆይታለች፤ በራሷ መጽሐፍ ላይ የማታምነውን አላስቀምጥባትም አለ። ልዑልሰገድ ተከራከረ፤ ለመነ፤ ተቆጣ። ያለ ጸሎት የሚቀር ከብት ብቻ ነው እስከማለት ደረሰ። ደገፋ ተነስቶ ለቦንቱ ጫማዋን ማድረግ ሲጀምር ነው ነገሩ የት እንደሚደርስ ያየሁት። ባሌን ትክ ብዬ አየሁት። እሱም ገባው።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ያንን ገጽ ቀለም አይነካውም።"

እፎይ አልሁ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እኔም ለልጄ እጸልያለሁ፤ በየወሩ በሃያ አንድ ማርያም ሄጄ ጧፍ አበራላታለሁ። ግን ለማን ተናገርሁ? ጸሎት ማተሚያ መኪና አያስፈልገውም።

በዚያ ሳምንት ሁሩታ ለቅሶ ነበረብኝና ሄድሁ፤ እዚያው አደርሁ። ስመለስ ልዑልሰገድን ረግቶ አገኘሁት። በደንብ በላ። ልጃችን ከሞተች ወዲህ ያላየሁትን እንቅልፍ ተኛ። ቃሉን አክብሮ ልቡ አርፎለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቂል ነኝ።

መጽሐፉ በሙት ዓመቷ ሰሞን ደረሰ። ደገፋ ቤት የመዘምራን ጓደኞቿ ተሰብስበው ለየአንዳንዳቸው ተሰጠ። በወፍራም ወረቀት፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ "ልዩ ልዑልሰገድ" ይላል። ደገፋ ጎንበስ ብሎ የአማቱን ጉልበት ሳመ። እኔ የመጨረሻው ቅጠል ባዶ መሆኑን አይቼ ለምን እንደሆነ ልዑልሰገድን ጠይቄው ነበር። መጽሐፍ ሲያልቅ ማረፊያ ይፈልጋል አለኝ። ባዶ ገጽ ማን ልብ ብሎ ያያል? እኔም ገልብጬ አለፍሁ።

ከዚያ ሁለት ወር እንኳን የቆየ አይመስለኝም። እሁድ ማታ ማታ ደገፋ ቦንቱን ከነቦርሳዋ ያመጣል። ያን እሁድ ግን ገና ፀሐይ ሳትገባ ብቻውን መጣ። የልጅቱን እራት አቅርቤ ነበር። አልተቀመጠም። መጽሐፉን ከጃኬቱ አውጥቶ፣ ኋላውን ገልጦ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ባዶው ገጽ ሰማያዊ ሆኗል። ልጅ ባዶ ወረቀት ስታገኝ የምታደርገውን ነው ያደረገችው፤ ባለ ሰማያዊ ቀለም እርሳሷን አጋድማ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች። በሰማያዊው መሃል ደግሞ ነጭ ፊደላት ቆመዋል፣ ጥርት ብለው። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ።

"አምላኬ ሆይ፣ ይህን መዝሙር የደረሰችውን ባሪያህን አመተ ማርያምን በምሕረትህ አስባት። በዚህ ዓለም ያጣናትን በዚያኛው አታሳጣን።"

ልዑልሰገድ ይህን የሠራው እኔ ሁሩታ ሳለሁ ነው። ፊደሉን ለቅሞ፣ ወረቀቱን አርጥቦ፣ ቀለም ሳይቀባ፣ ያለ የሌለ ጉልበቱን ተጠቅሞ ተጭኖበታል። እንደ አባቱ ወስፌ። ፊደሉ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል፤ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ፣ እኛ ሁላችን ባዶ ነው ብለን ስናልፈው።

"አባባ፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር" አለ ደገፋ።

"ቀለም አልነካውም" አለ ባሌ።

በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ። ሽማግሌ ሰው፣ የልጁ ባል ፊት ቆሞ፣ እንደ ጠበቃ!

ደገፋ ግን አልጮኸም። "በሕይወት እያለች ሊመልሷት አልቻሉም" አለ። "ከሞተች በኋላ መለሷት።" ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ፣ ቦንቱ ከነገ ጀምሮ ሻሸመኔ እናቱ ዘንድ እንደምትሆን ነገረኝ። ልብሷን እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ያ ገጽ ከሁሉም መጽሐፍ ሳይወጣ ስለ ምንም ነገር ሊነጋገር እንደማይችል ተናገረ። ልብሷን አጣጥፌ ሰጠሁት። ሰማያዊውን መጽሐፍ ይዞ ሄደ።

ትንሿ ወንበሯ ማተሚያው አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ሰኞ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ መኪና የቆርቆሮ አጥራችንን አልፎ ሲሄድ ሰማሁት። ልዑልሰገድን ማናገር አቆምሁ። እንጀራውን አቀርባለሁ፤ ዞር እላለሁ። አንድ ጊዜ "ለነፍሷ ብዬ ነው" ሲል ሰምቼ "ለራስህ ነው" አልሁት፤ ያን ብቻ።

ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ መጽሐፎቹን ልሰበስብ ወጣሁ። ከመዘምራኑ ቤት፣ ከዘመድ ቤት፣ ከጎረቤት። ጥራዙ ተበላሽቷል፤ ይስተካከላል እያልሁ። ለልጄ መታሰቢያ የሰጠሁትን መልሼ ስቀበል ፊቴ ይቃጠል ነበር። አንዷ ጓደኛዋ ትራሷ ሥር ነበር ያስቀመጠችው። ሁሉንም በዘንቢል ይዤ መጥቼ ማተሚያው ላይ አኖርሁለት። "ቁረጥ" አልሁት።

መቁረጥ ቀላል አይደለም አለኝ። አንዱን ገልጦ አሳየኝ። ወረቀቱ መሃሉ ላይ ታጥፎ ነው የሚሰፋው፤ የመጨረሻው ቅጠልና የመጀመሪያው ቅጠል አንድ ወረቀት ናቸው። በአንደኛው ጫፍ ጸሎቱ አለ፤ በሌላው ጫፍ ስሟ። ጸሎቱን ከሥሩ ከቆረጠው ስሟ ያለበት ገጽ ክር አጥቶ ይወድቃል።

"እንዳይወድቅ አድርገህ ቁረጥ። አንተ አይደለህም ባለሙያው?"

ከክሩ አጠገብ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ አስቀርቶ፣ ሌላውን በስለት መቁረጥ ጀመረ። አንዱን ቆረጠ። ሁለተኛውን ይዞ እጁ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር፣ ልጃችንን ስንቀብር እንኳን፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"ሮማን፣ ያለ ጸሎት እያስቀረኋት ነው" አለኝ።

ግን አልተመለስሁም። "የሷ ነፍስ አሁን ሻሸመኔ ነው ያለችው" አልሁት። "አምስት ዓመቷ ነው። ቁረጥ።"

ሁሉንም ቆረጠ። የተቆረጡትን ቅጠሎች ማቃጠል ቀርቶ መሬት ላይ እንኳን አላስቀመጣቸውም፤ አንድ በአንድ ደርድሮ የአባቱ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ከተታቸውና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እኔም ተውሁት። በዚያ ምሽት አብረን በላን።

ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፎቹን በዘንቢል ይዘን በሚኒባስ ወረድን። እሱ በመስኮት በኩል፣ እኔ በጎኑ። መቂን፣ ባቱን፣ ነገሌን ስናልፍ ዘንቢሉን ከጭኑ ላይ አላወረደም።

ወይዘሮ ኤቢሴ "አከም ጂርቱ፣ ነጋ?" እያሉ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ልዑልሰገድ በተሰባበረ ኦሮምኛው መለሰላቸው። ቦንቱ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች፤ ከሲታ መሰለችኝ፤ ምናልባት የኔ ዓይን ነው። ደገፋ ሰላም ካለን በኋላ መጽሐፎቹን እያነሳ፣ ኋላቸውን እየገለጠ፣ የቀረችውን ቁራጭ በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ አየ። ፊቱ ላይ ድል አላየሁበትም፤ የደከመው ሰው ነበር።

ጥሩ አድርገው ቆርጠዋል አለ። ቦንቱ ግን እዚህ ትምህርት ጀምራለች፤ ልጅ እንደ ዕቃ ከቤት ቤት አይመላለስም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እናቱ ዘንድ ትቆያለች፤ እኛ በፈለግን ጊዜ መጥተን ማየት እንችላለን። ይህን ሲል መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ለዓመቱ መጨረሻ ገና ብዙ ነው። ልዑልሰገድ ራሱን ነቅንቆ ተቀበለ።

የሚቀረኝ ደገፋን አለማስቀየም ነበርና "ሰማያዊዋንስ አምጣልን፤ እሷንም እንቁረጣት" አልሁት።

ደገፋ "እሷን መቁረጥ አልቻልሁም" አለ። "ቦንቱ ናት ያገኘችው። ማሚ በነጭ ጽፋልኝ ደብቃልኝ ነበር ብላ ታምናለች። በመጣሁ ቁጥር አንብብልኝ እያለች ታመጣዋለች።"

"ምን ብለህ አነበብህላት?" አልሁት።

"ምንም። መዋሸት አልፈልግም። የተጻፈውንም በኔ አፍ ማንበብ አልችልም።"

ልጅቱ ስለሷ ሲወራ ሰምታ ኖሮ መጽሐፉን ከጓዳ ይዛ መጣች። የአያቷ ጉልበት ላይ ኋላውን ገልጣ አስቀመጠችው።

"አባባ፣ ማሚ የጻፈችልኝን አንብብልኝ። ዳዲ እምቢ አለኝ።"

ልዑልሰገድ ደገፋን አየው። ፈቃድ መለመኑ ነበር፤ ያ በቃሉ ላይ የተጫወተ ሰው አሁን ያለ ፈቃድ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ አልደፈረም። ደገፋ ተነሳ። እሺም፣ እምቢም አላለም። ወደ በረንዳው ወጣና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። እኔና ባሌ ተያየን። ያንን አቋቋም ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ልዑልሰገድ መነጽሩን አወጣ። ጣቱን ከነጩ ፊደል ሥር እያስኬደ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ አነበበው። ድምፁ እስከ በረንዳው ይሰማል። ሲጨርስ ቦንቱ ጥቂት ጠበቀች።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"አመተ ማርያም ማን ናት?"

ባሌ ጣቱን ከገጹ ላይ አነሳ። በሕይወቷ ሙሉ ያንን ስም ያውቀዋል፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስናስነሳት በእቅፉ ይዟት የሰማው ስም ነው። ልጅቱ ግን እናቷን በዚያ ስም ማንም ሲጠራት ሰምታ አታውቅም። ገጹን ደግማ አየችው፤ ከዚያ አያቷን። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ገባኝ። የናቷን ጽሑፍ ስትጠብቅ የሌላ ሴት ስም ነው የተነበበላት። ያን ሁሉ ተጣልቶበት፣ ዋሽቶበት፣ ልጅ አጥቶበት፣ ልዩ የሚለውን ስም እዚያ ገጽ ላይ አላስቀመጠም።

"እናትሽ ናት" የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

ደገፋ ፊቱን አላዞረም። እጁ የበረንዳውን እንጨት ይዟል።

"ማሚ?" አለች ቦንቱ።

"አዎ፤ እሷ ናት" አላት፣ ጀርባውን እንደሰጠን።

ልጅቱ ወደ ገጹ ተመለሰች። እንደገና አንብብልኝ አለችው አያቷን። እሱ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ነበር፤ ጠርጎ አልጨረሰም። መጽሐፉን ከጉልበቱ ላይ ተቀብዬ እኔ አነበብሁላት።